ግሩፑ ውስጥ 31 ነበርን

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ልጄን አስተኝቼ ስልኬን ሳነሳ ቴሌግራም አንድ ኖቲፊኬሽን ልኮልኛል። ታውቁታላችሁ፤ ቁጥሩ ስልካችሁ ላይ የተመዘገበ ሰው ቴሌግራም ሲጀምር የሚመጣው፣ እገሌ ተቀላቀለ የሚለው ነገር። አብዛኛውን ጊዜ ወይ ቧንቧ ሠሪው ነው፣ ወይ ድሮ ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ ናቸው፤ አይቼ አልፈዋለሁ። የማክሰኞውን ግን ስሙን ሳነበው ከተጋደምኩበት ተነስቼ ተቀመጥኩ።

ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ክፍሉ በሙሉ «ጋሼ» ነበር የሚላቸው፤ እኔም መምህራቸው ሆኜ ጋሼ ነበር የምላቸው። የ2012 የማስተርስ ተማሪዬ ነበሩ፣ ትምህርት ዕቅድና አመራር። ከሻምቡ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆነው ብዙ ዓመት ከሠሩ በኋላ የመማር ዕድሉ ደርሷቸው፣ በአርባዎቹ መጨረሻ ደብተር ይዘው የመጡ ሰው ናቸው። እኔ ያኔ 30 ዓመቴ ነበር፤ የማስተምራቸው ስታትስቲክስ። ሴሚስተሩ መሃል ላይ ጠፉ። «አቋርጠው ነው» ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ አምስት ዓመት ሙሉም ያንኑ ስል ኖርኩ። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ነው። ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን ይዘጉ ተባለ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ግቢ ውስጥ ይዘው ጥቂት ቀን ቆዩና እነሱም ወደየቤታቸው ይሂዱ ተባለ። የመጨረሻዋን ክፍለ ጊዜ አስታውሳለሁ። ሰሌዳው ላይ «ናሙና አወሳሰድ» ብዬ ጽፌ ገና መጀመሬ ነበር። በር ላይ ሰው መጥቶ ጠራኝ፤ ስመለስ ተማሪዎቹ ከእኔ ቀድመው በስልካቸው ሰምተዋል። «ለ15 ቀን ነው፣ ስትመለሱ እንቀጥላለን» አልኳቸው። ያመኑኝም መጽሐፋቸውን ዶርም ትተው ሄዱ። እነዚያ ዶርሞች ብዙም ሳይቆዩ ለይቶ ማቆያ ሆኑ።

ጋሼ የዚያን ቀን እንደ ልማዳቸው ሰሌዳ ስጠርግ ጠብቀውኛል። ይህን ልማዳቸውን ካልነገርኳችሁ ቀሪው አይገባችሁም። ክፍል ውስጥ እጃቸውን አያወጡም። ልጆቻቸው ከሚያህሉ ልጆች መሃል ተቀምጠው «አልገባኝም» ማለት ይከብዳቸዋል፤ በዚያ ላይ እሳቸው እኮ ርዕሰ መምህር ናቸው። ክፍሉ ሲያልቅ ግን ቀስ ብለው ደብተራቸውን ይሰበስባሉ፤ ሌላው እስኪወጣ ይቆያሉ፤ እኔ ዳስተሬን ሳነሳ አጠገቤ ይመጡና «መምህር፣ ያቺን ነገር አንዴ ቢመልሷት» ይላሉ። ያቺ ነገር አንዳንዴ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ናት፣ አንዳንዴ ገና የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ናት። አምስት ደቂቃ ትፈጃለች። በመላው ሴሚስተር የማስተማር ያህል የተሰማኝ በእነዚያ አምስት አምስት ደቂቃዎች ነው ብል አላጋነንኩም። እሳቸው የሚጠይቁኝን ከጀርባ የተቀመጡት አሥር ልጆችም አልገባቸውም ነበር፤ በሚቀጥለው ክፍል መጀመሪያ የምከልሰው በጋሼ ጥያቄ ተመርቼ ነው።

የዚያን ቀን ግን የጠየቁኝ ስለ ትምህርት አልነበረም። ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ እሳቸው አገር ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ስለነበር ቤተሰባቸውን በድምፅ ካገኙ ሦስት ወር ሊሞላ ነው። «አሁን ሄጄ በዓይኔ አያቸዋለሁ» አሉኝ ፈገግ ብለው። ተጨባበጥን። መጨባበጥ ክልክል መሆኑ ትዝ ያለን ከጨበጥን በኋላ ነው፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ሚያዝያ ላይ ደብዳቤ ደረሰን። የመጀመሪያ ዲግሪው ይቆይ፣ የድኅረ ምረቃው ግን በኦንላይን ይቀጥል የሚል። ባሉት የቴክኖሎጂ አማራጮች ተጠቀሙ ይላል፤ ያሉት አማራጮች የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይናገርም። እኔ ጋ ያለው አማራጭ ባትሪው የሞተ፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ላፕቶፕ ነው። ሥልጠና ይሰጣል ተብሎ ነበር፤ ሥልጠናው በኦንላይን ስለነበር ግማሾቻችን መግባት አልቻልንም። (ይህን ቀልድ እንዳይመስላችሁ።)

የመጀመሪያው ቀን ዙም ከፈትኩ። ሸሚዝ ለብሼ፣ ከታች ቁምጣ። ከ31 ተማሪ 11 ገባ። ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ራሱን እንደሚዘጋ ያወቅኩት ሲዘጋብኝ ነው፤ ከ40ው ውስጥ 25ቱ ያለቀው «ይሰማል?» በመባባል ነበር። «መምህር ይቆራረጣል።» «መምህር እኔ ጋ ይሰማል ግን አይታይም።» «መምህር እዚህ ዝናብ ጀመረ፣ ኔትወርኩ ይሄዳል።» አንዱ ማይኩን ሳይዘጋ ከባለቤቱ ጋር ስለ ሽንኩርት ዋጋ ተከራከረ። አንዱ ደግሞ በሹክሹክታ «መምህር ለቅሶ ቤት ነኝ፣ ግን እየተከታተልኩ ነው» አለ። ምን እላለሁ? «ነፍስ ይማር» ብዬ ወደ ናሙና አወሳሰድ ተመለስኩ።

ችግሩ ኔትወርኩ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ስታትስቲክስ የሚሰጠው በተማሪው ግንባር ነው። ቀመር ጽፌ ዞር ስል ግንባሮቹን አያለሁ፤ ሲጨማደዱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፣ ሲፈቱ እቀጥላለሁ። አሁን ፊቴ ያለው በነጭ ፊደል ስም የተጻፈበት ጥቁር አራት ማዕዘን ነው። «ገባችሁ?» እላለሁ። ዝም። ክፍል ውስጥ ዝምታ ብዙ ዓይነት ነው፤ የገባው ዝምታ አለ፣ የፈራ አለ፣ የራበው አለ። ስክሪን ላይ ሁሉም አንድ ነው።

የእኔ ዕድሜ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። እኔ በ1997 የፕላዝማ የመጀመሪያው ባች ነኝ። ለታናናሾቼ ላስረዳ፦ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ፣ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ይለቀቅ ነበር። መምህሩ እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል፤ ጥያቄ ይጠይቅና ሁለት ሰከንድ ጠብቆ «በጣም ጥሩ!» ይላል። ማን መለሰለት? ማንም! የእኛው መምህር ጥግ ላይ ቆሞ ከእኛ ጋር ያያል፤ ሊያቆመው አይችልም። በዚያ ሰውዬ ስንስቅ ነው ያደግነው። ሚያዝያ 2012 አንድ ምሽት ዙም ላይ ጥያቄ ጠየቅኩ፣ ሁለት ሰከንድ ጠበቅኩ፣ «ጥሩ፣ እንቀጥል» ስል ራሴን ሰማሁት።

በሁለተኛው ሳምንት ዙምን ትቼ ቴሌግራም ገባሁ። የክፍሉ ተጠሪ ከመበተናቸው በፊት ግሩፕ ከፍቶ ነበር። ትምህርቱን በድምፅ እየቀዳሁ፣ ዐሥር ዐሥር ደቂቃ እየቆራረጥኩ፣ የሰሌዳውን ጽሑፍ በወረቀት ጽፌ ፎቶ እያነሳሁ መላክ ጀመርኩ። የምቀዳው ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ልጄ ስትተኛ ነው። ሰፈራችን ከከተማው ዳር ስለሆነ ክፍል 4 ላይ ስለ ስትራቲፋይድ ናሙና ስናገር ጅብ ይጮኻል፤ እስካሁን የ2012 ልጆች ሲያገኙኝ የሚያነሱት እሱን ነው። ጥሩ ነገርም ነበረው፤ አልክድም። አራስ የነበረች አንዲት ተማሪዬ «ክፍል 3ን ስድስት ጊዜ ሰማሁት መምህር፣ ክፍል ውስጥ ቢሆን ስድስት ጊዜ ይድገሙልኝ እልዎት ነበር?» ብላኛለች። እውነቷን ነው። የሌሊት ጥቅል ገዝቶ ሁሉንም አውርዶ በጠዋት የሚሰማ ተማሪ ከመቼውም በላይ ሲገባው አይቻለሁ።

እና ኩራት ቢጤ ጀመረኝ። በግንቦት መጀመሪያ ግሩፑ ላይ ፖል ለጠፍኩ፦ ትምህርቱ በዚህ መልክ ቢቀጥል ይስማማችኋል? 22 ሰው መለሰ። 20ው አዎ፣ 2ቱ አይ። ስክሪንሾት አንስቼ «ከመላሾቹ ከ90 በመቶ በላይ ተስማምተዋል» ብዬ ለትምህርት ክፍሉ ላክሁ። ሌሎች መምህራን እንዲማሩበት ተብሎ በስብሰባ ላይ ተነበበልኝ።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። በዚያው ሳምንት የቀዳሁት ትምህርት ስለ ሊተራሪ ዳይጀስት ነበር። ስታትስቲክስ የተማረ ሁሉ ያውቃታል። እ.ኤ.አ. በ1936 ይህ የአሜሪካ መጽሔት ፕሬዚዳንት ማን እንደሚሆን ለመተንበይ ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው የመጠይቅ ወረቀት ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። ላንደን ያሸንፋል አለ። ያሸነፈው ሩዝቬልት ነው፤ ያውም ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወስዶ። ምን ነካቸው? አድራሻውን በብዛት የወሰዱት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር። በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን ነው? በዚያ ላይ ወረቀቱ ደርሶት መልሶ የላከው ካልላከው ይለያል። ይህን ሁሉ «ልብ በሉ፣ መልስ ያልሰጠ ሰው መልስ ከሰጠው ጋር አንድ አይደለም» እያልኩ በጥሩ ድምፅ አስረድቻለሁ። ቀድቼ፣ በስልክ፣ ስልክ ላላቸው ላክሁት። ከዚያ ፖሌን ለጠፍኩ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል የማላውቀው ቁጥር ደወለ። «መምህሩ ነህ? የሰቆጣ መኪና ረዳት ነኝ። ዕቃ አለህ፣ መናኸሪያ ና ውሰድ፣ እስከ ስምንት ሰዓት ነው ያለሁት።»

መኪና በግማሽ ሰው የሚጭንበት፣ ታሪፉ እጥፍ የሆነበት ጊዜ ነው። ማስኬን አድርጌ ሄድኩ። ረዳቱ ከሾፌሩ ጀርባ ካለው ኪስ ውስጥ በፕላስተር የታሸገ ፖስታ አወጣ። ሂሳብ ልስጥህ ብለው «ተከፍሏል» አለኝ።

ውስጡ 17 የደብተር ቅጠል ነበር፣ ፊትና ጀርባው የተጻፈበት። የአንዲት ተማሪዬ የሪግሬሽን ሥራ ነው፤ በኤስፒኤስኤስ ሠርታችሁ ላኩ ያልኩት። 40 መስመር መረጃ፣ ዓምዶቹ በማስመሪያ የተሰመሩ፣ እያንዳንዱ ቁጥር በእጅ ተባዝቶ፣ በእጅ ተደምሮ። 23ኛው መስመር ላይ ተሳስታ ኖሮ በቀይ እስክርቢቶ ሰርዛ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ እንደገና ሠርታዋለች። የመጀመሪያው ገጽ ጫፍ ላይ ማስታወሻ አለ፦ «መምህር፣ እኛ ጋ ኔትወርክ የሚገኘው ተራራው ላይ ነው። አንዱን ድምፅ ለማውረድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ክፍል 1ን እና 3ን አግኝቻለሁ፣ 2ን ከመጽሐፍ አንብቤያለሁ። ላፕቶፕ ስለሌለኝ በስልኬ ካልኩሌተር ሠራሁት። መልሱ በነጥብ ሊለያይ ስለሚችል ይቅርታ።»

በነጥብም አልተለያየም። ማታ ላፕቶፔ ላይ አስገብቼ አመሳከርኩት፤ እስከ ሁለተኛው ነጥብ ቤት ድረስ አንድ ነው። ወረቀቱ ላይ የጻፈችው ቀን ከማስረከቢያው ቀን በሳምንት ይቀድማል፤ የሚያመጣው መኪና ነበር የጠፋው። እኔ ግን ዜሮዋን ከመዘገብኩ ቆይቻለሁ። ከዜሮው ጎን ለ«ተሳትፎ» ከ10 የሰጠኋት 1 ነበር፤ ተሳትፎን የምለካው ግሩፑ ላይ በሚጽፉት ነበርና።

ዜሮውን ሰረዝኩ። የተሳትፎን ዓምድ ለሁሉም አጠፋሁት። እና የዚያን ሌሊት፣ እውነቱን ልናገር፣ ደግ ሰው ነኝ ብዬ ነው የተኛሁት። ስሕተቴ እዚህ ጋ ነው የሚብሰው። አንዷ ታግላ ፖስታ ስለላከች እሷን አየሁና ማየቴን ጨረስኩ። ፖስታ የሚልክበት መኪና የሌለውስ? ላስቸግር ብሎ የማያስብስ? አልጠየቅኩም።

ሰኔ 22 ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በተከታዮቹ ቀናት ብዙ ሰው ሞተ፤ አገሩ ሁሉ ሐዘንና ፍርሃት ሆነ። ከሰኔ 23 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ገደማ። የመጨረሻውን ሥራ የሚያስረክቡት ሰኔ 25 ነበር። ኦንላይን ትምህርት የምንለው ነገር በአንድ ጠዋት የለም። ስልክ ግን ይሠራል። ያወረድኩት ግሩፕ ላይ የአባላቱ ስም ስለነበረ እሱን እያየሁ አንድ በአንድ ደወልኩ።

ጓደኞቼ፣ በመምህርነት ዘመኔ ያን ያህል የተማርኩበት ሳምንት የለም። አንዱ አባቱን ቀብሮ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ግሩፑ ላይ አልተናገረም። ፖሉ ላይ «አዎ» ያለ አንዱ «ድምፁን አንድም አልሰማሁትም መምህር፣ ዳታ የለኝም፤ አይ ብል ትምህርቱ ይቆማል ብዬ ነው» አለኝ። እርሻ ላይ ሆኖ ያነሳ አለ፤ በሬዎቹን እያቆመ «ቫሪያንስ ማለት ታዲያ...» ብሎ ጠየቀኝና በአምስት ደቂቃ ገባው። እዚያው ወረቀት ላይ አሰላሁት፦ 31 ተማሪ በአምስት ደቂቃ 155 ደቂቃ ነው። ሦስት ሰዓት አይሞላም። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ። አንዱን የዐሥር ደቂቃ ድምፅ ጅብ እየጮኸብኝ ደጋግሜ ስቀዳ ከዚያ በላይ አጥፍቻለሁ። ተራ የስልክ ጥሪ፣ የአያቶቻችን ቴክኖሎጂ፣ «ካሉት አማራጮች» አንዱ መሆኑ ኢንተርኔት እስኪጠፋ ድረስ አልታየኝም።

ለሁሉም ደወልኩ ብያለሁ አይደል?

ውጤት የምናስገባበት ቀን ሬጅስትራር የስም ዝርዝሩን አትሞ ሰጠኝ። 31 ስም። እየሞላሁ ወርጄ 19ኛው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አንድም ምልክት የለም። አሳይመንት የለም፣ ፖስታ የለም፣ ጥሪ የለም። ጋሼ። «ግሩፑ ውስጥ አልነበሩም እንዴ?» ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ግሩፑ 31 አባላት ይላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 31 ይላል፤ ክፍሉ 31 ነው፤ ስለዚህ ሁሉም አለ ብዬ ሦስት ወር አስተማርኩ። አንድ በአንድ ቆጠርኩ። 31ኛው እኔ ነኝ።

የስታትስቲክስ መምህር። ራሴን ሳልቀንስ ቆጥሬ።

ጋሼ የያዟት ቁልፍ ያላት ኖኪያ ነበረች፤ ቴሌግራም የላትም። ተጠሪው ቴሌግራም ያላቸውን ሰብስቦ አስገባ፤ የእሳቸውን ቁጥር ለእኔ በወረቀት ሰጥቶኝ ነበር፤ ስልኬ ላይ መዝግቤዋለሁ፤ ረስቼዋለሁ። ያን ቀን ደወልኩላቸው። ጥሪ መቀበል አይችሉም አለኝ። በማግስቱ ደግሜ ደወልኩ፤ ያው። ሦስተኛ አልደወልኩም። 19ኛው መስመር ላይ ኤንጂ ጽፌ ፈረምኩ። አንድ ባልደረባዬ «ትልልቆቹ ሲከብዳቸው ያቋርጣሉ» አለኝ፤ ደስ የሚል ማብራሪያ ነበር፤ ወሰድኩት። ከዚያ በኋላ በአገራችን የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ከአንድ የማስተርስ ተማሪ የሚበልጥ የሚታሰብ ነገር አላጣንም።

እንግዲህ ባለፈው ረቡዕ ጠዋት ደወልኩ። በቴሌግራም አልጻፍኩም፤ ደወልኩ።

«አቤት መምህር!» አሉኝ። ቁጥሬን አልሰረዙትም።

ጤና፣ ቤተሰብ፣ ዝናብ፣ ሁሉን ተጠያየቅን። ቴሌግራም ምን አመጣዎት ስላቸው ሳቁ፤ አሁን የትምህርት ቤቱን ሪፖርት በቴሌግራም ካልላካችሁ እየተባሉ ነው፤ ልጃቸው ስልክ ገዝታላቸዋለች። ከዚያ የማይቀረውን ጠየቅኩ። ያኔ ምን ሆኑ?

ተጠሪው ደውሎ ትምህርቱ በቴሌግራም ነው ብሏቸው ነበር። «ልጆቹ እንዴት እንደሚያደርጉት ልጠይቅ አሰብኩና ተውኩት። በዚህ ዕድሜዬ ስልክ መንካት አላውቅም ልበል? ግቢው ሲከፈት እመጣለሁ፣ ያመለጠኝን መምህር ሰሌዳ ሲጠርጉ እጠይቃለሁ አልኩ።» ይቺን እንደ ተራ ነገር ነው የተናገሩት።

መጥተውም ነበር። ይህን አላውቅም ነበር። በ2013 ግቢው ሲከፈት ብርድ ልብሳቸውን ይዘው፣ ሁለት ቀን ተጉዘው መጥተዋል። ሬጅስትራር ስምዎ የለም፣ አቋርጠዋል ተብለዋል። ቢሮዬ መጥተው ተቆልፎ አገኙት። እስከ ዐሥር ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ጠበቁና በማግስቱ መኪና ተመለሱ።

«ምነው ቢደውሉልኝ ጋሼ?»

«ምን ብዬ መምህር? እርስዎ ሥራዎን ሠርተዋል።»

ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኳቸው በትክክል አላስታውስም። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ እሳቸው ደግሞ እኔን ማጽናናት ያዙ፤ እሱ ባሰብኝ። ስለ እሳቸው እንድጽፍ ጠይቄ ፈቅደውልኛል፣ «ስሜን ብቻ ይተዉት፣ ተማሪዎቼ ያነባሉ» ብለው።

ሬጅስትራር ሄጄ ነበር። ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል፤ ይመለሱ ቢባል የትኛው ኮርስ እንደሚያዝላቸው ኮሚቴ ማየት አለበት አሉኝ። በዚያን ጊዜ የተማሪው ስም ግሩፕ ላይ እንኳ እንዳልነበረ፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ በጽሑፍ አስገብቻለሁ። ኮሚቴው የሚቀጥለው ሐሙስ ይሰበሰባል። ምን እንደሚል አላውቅም። እስከዚያ የ2012ቱን ድምፆች ፈልጌ ከክፍል 1 ጀምሮ ልኬላቸዋለሁ፤ እስከ ክፍል 4 ሰምተው ጅቡ ጋ ደርሰዋል።

አሁን እናንተን የምጠይቀው አለ። በ2012 ያስተማርኳችሁ፣ ሁለት ክፍል ነበራችሁ፤ ይህ የአንደኛው ክፍል ታሪክ ነው። የሁለተኛውን ዝርዝር ትናንት አውጥቼ ሳየው ሦስት ኤንጂ አለ። ሁለቱን አግኝቻቸዋለሁ፤ አንደኛዋ የለችም፤ ቁጥሯ አይሠራም። ከእሷ ጋር ዶርም የነበራችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። የት እንዳለች የምታውቁ ካላችሁ እዚህ ኮሜንት ላይ ስሟን አትጻፉ፤ በውስጥ መስመር ቁጥሯን ላኩልኝ። እኔ እደውላለሁ።